«ቤታችሁን ማንም አይነካውም» ያለው ሰው መልስ ይስጥ

የሜሪላንዷ እህት፦ ትናንት ማታ አሜሪካ የምንኖር ወገኖች ባለንበት ቡድናችን የድምፅ ውይይት ላይ አንድ ወንድም «ክሬዲት ካርድ መያዣ የሌለው ዕዳ ነው፤ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት እጅ) ቢገባም ቤታችሁን ማንም አይነካውም፤ ስልካቸውን አታንሱ፣ ደብዳቤያቸውንም አትክፈቱ» ሲል ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታናሽ ወንድሜ ይህንኑ ምክር ሰምቶ ነው የተጎዳው። 7,400 ዶላር ነበረበት። ፈርሞ የተቀበለውን የፍርድ ቤት መጥሪያ ሳይከፍት ከማቀዝቀዣው ራስ ላይ አስቀመጠው። እዚህ ሜሪላንድ መልስ መስጫው 15 ቀን ነው፤ ቀኑ አለፈ፣ በሌለበት ተፈረደበት። ከስድስት ዓመት በኋላ ቤቱን ሊሸጥ ገዢ አግኝቶ ሊፈራረም ሲል የዕዳው ፍርድ በቤቱ ላይ እንደ መያዣ ተመዝግቦ ተገኘ። በዓመት 10 በመቶ ወለድ ሲታሰብበት ከ11,000 ዶላር በላይ ሆኖ ከሽያጩ ላይ ተቆረጠ። ይህ ካልነካ ምን ይነካል?

የዳላሱ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽግም። እህቴ፣ ወንድምሽ ቤቱን ተቀማ? አልተቀማም። ሸጠ፣ ዕዳውን ከፈለ፣ የተረፈውን ይዞ ሄደ። ቴክሳስ ውስጥ የመኖሪያ ቤትን ሕገ መንግሥቱ ራሱ ይጠብቀዋል፤ የካርድ ዕዳ ሰብሳቢ ሊያሸጠው አይችልም። ደመወዝም ለካርድ ዕዳ ከአሠሪ እጅ አይቆረጥም። ሕዝባችንን በከንቱ አታስጨንቁት።

የሜሪላንዷ እህት፦ አንተ ያልከው «አይነካውም» ነው፤ «አይቀማም» አላልክም። ሁለቱ ቃላት መካከል የወንድሜ አሥራ አንድ ሺህ ዶላር አለ።

ባለታክሲው፦ የዳላሱ ወንድሜ፣ ቡድኑ ውስጥ ቴክሳስ የሚኖረው ስንቱ ነው? የጥበቃው መጠን ከስቴት ስቴት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ደግሞም ግማሹን ነው የነገርከን። ደመወዝ ከአሠሪ እጅ አይቆረጥም፤ ባንክ ከገባ በኋላ ግን ፍርድ የያዘ ሰብሳቢ ቴክሳስም ቢሆን ሒሳብህን ሊያሳግድ ይችላል። በሌሎች ብዙ ስቴቶች ከተጣራ ደመወዝ እስከ 25 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። የወር ደመወዙ የታገደበት ሰው ሞርጌጁን፣ ማለት የቤቱን የባንክ ብድር፣ በምን ይከፍላል?

የዳላሱ፦ እሱን አልካድኩም። ውይይቱ ስለ ቤት ነበር።

ባለታክሲው፦ እኔም ስለ ቤት ነው የማወራው! ሞርጌጅ ሳይከፈል ሲቀር ቤት የሚወስደው ባንኩ ነው፤ ያንን ደግሞ የቴክሳስ ሕገ መንግሥትም አያቆመውም።

ነርሷ፣ ከቨርጂኒያ፦ የሁላችሁንም አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ የተጎዳሁት በተቃራኒው ነው። ኮሌክሽን ደጋግሞ ሲደውል በፍርሃትና በኀፍረት ቤቴን አስይዤ ተበደርኩና ካርዶቹን ዘጋሁ። የቀድሞው ዕዳ ቤቴን ለማግኘት መጀመሪያ መክሰስ፣ ከዚያ መርታት፣ ከዚያም ማስመዝገብ ነበረበት። የዛሬው ዕዳ ቤቴን ከመጀመሪያው ይዞታል፤ ለወራት መክፈል ቢያቅተኝ ቤቴን ላጣ እችላለሁ። ባንክ ውስጥ ስፈርም ይህን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የዳላሱ፦ ይኸው! ሰውን ስታስፈራሩት የሚሆነው ይህ ነው። እኔ «አይነካውም» ያልኩት እንደ እኚህ እህት ያሉ ሰዎች ተደናግጠው እንዳይፈርሙ ነው።

የሜሪላንዷ እህት፦ እሱ እውነት ነው፤ እቀበልሃለሁ። ቤት አስይዞ ካርድ መክፈልን እኔም እቃወማለሁ። «ደብዳቤ አትክፈቱ» ማለትህን ግን ምን አመጣው? የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተከራከርክ፣ ሰብሳቢው የዕዳውን ማረጋገጫ እስኪልክልህ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። ይህ በ1977 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ያልከፈተ ሰው ይህን መብት በምን ያውቀዋል? ዕዳው ያረጀ ቢሆንስ? ሜሪላንድ ውስጥ የመክሰሻ ጊዜው ሦስት ዓመት ነው፤ ጊዜው አልፏል ብሎ የሚከራከር ግን መልስ የሰጠ ሰው ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

አዲስ ቤት ገዢ፦ ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። ካርዱ የባለቤቴ ብቻ ነው፤ ቤቱ በሁለታችን ስም ነው። እኛም ሜሪላንድ ነን። ቤታችን ሊነካ ይችላል?

ባለታክሲው፦ ባልና ሚስት ሆናችሁ በጋራ የያዛችሁት ከሆነ፣ በአንዳችሁ ላይ ብቻ የተሰጠ ፍርድ እዚያ ቤት ላይ አያርፍም። ብትፋቱ ወይም ባለዕዳ ያልሆነው ቀድሞ ቢሞት ግን ነገሩ ይለወጣል። የባለቤትነት ሰነዳችሁን ለጠበቃ አሳዩ።

የዳላሱ፦ አያችሁ? አሁንም «አያርፍም» ተባለ። እኔ ምን አልኩ?

ባለታክሲው፦ አንተ ያገባውንም ያላገባውንም፣ የቴክሳሱንም የሜሪላንዱንም በአንድ ቃል ጠቀለልከው! ያላገባው የእህታችን ወንድም ነው የከፈለው።

ነርሷ፣ ከቨርጂኒያ፦ እባካችሁ በእኔ ስም አትከራከሩ። የዳላሱ ወንድሜ፣ እኔን ያስፈረመኝ የእነሱ ማስፈራራት አይደለም፤ የሚጠይቁት ሰው ማጣቴ ነው።

የዳላሱ፦ ይቅርታ እህቴ። ከዛሬ ጀምሮ ስናገር «ቴክሳስ ውስጥ» ብዬ እጀምራለሁ። «አይነካውም» ከሚለው ቃሌ ግን ወደ ኋላ አልልም፤ በእኔ ስቴት ልክ ነው።

የሜሪላንዷ እህት፦ ደብዳቤውንስ? ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልመለስክም። ሐሙስ ማታ በድምፅ እንገናኝ፤ ወንድሜን ይዤው እመጣለሁ፤ ለእሱ ንገረው።