በሦስት ፔፐር ላይ ስሜ አለ፣ የራሴ የምለው ግን የለም

ፔትሪዲሽ፦
ሰላም ለቤቱ። ፒኤችዲ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ሞሌኪውላር ባዮሎጂ። ላባችን ውስጥ ፓይተን (የኮምፒውተር ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዳታ ያለው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። «አንድ ግራፍ ብቻ ሥሪልኝ» ይሉኛል። ያቺ አንድ ግራፍ ሁለት ወር ትፈጃለች። በወጡት ፔፐሮች (የምርምር ጽሑፎች) ላይ ስሜ አንዴ አራተኛ፣ ሁለቴ ስድስተኛ ሆኖ ወጥቷል፤ እኛ ጋ ደግሞ አንደኛ የሚጻፈው ዋናውን ሥራ የሠራው ነው። የራሴ ሥራ ግን ካለፈው ዓመት ንቅንቅ አላለም። አማካሪዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት አልችልበትም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ኤክስ_ስኩዌር፦
እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። እኛ ጋ ስም የሚደረደረው ባብዛኛው በፊደል ተራ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለብንም። ምክር የለኝም፣ እንዲያው አዘንኩልሽ።

የድሮ_ፖስትዶክ፦
በዚህ መንገድ ሄጄበታለሁ። ለፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ላለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) ሳመለክት አምስት ፔፐር ደርድሬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ። አንዲት ፕሮፌሰር ዝርዝሩን አየት አደረጉና «ከነዚህ ውስጥ ጥያቄው ያንተ የነበረው የቱ ነው?» አሉኝ። አፌ ተያዘ። ቦታውንም ሌላ ሰው ወሰደው። ዛሬ እኔም ሰው ስቀጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አማካሪሽ ጋ ስሞታ ይዘሽ አትግቢ፤ አንድ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። የራስሽ ፔፐር ቢያልቅ የሚኖሩትን ግራፎች በእርሳስ ንደፊያቸው፤ በአግድምና በቁም መስመሮቹ ላይ ምን እንደሚለካ ጻፊ፣ ውስጡን ባዶ ተዪው። ዳታው ያለሽን አቅልሚ። ከሥር ደግሞ አሁን የያዝሽውን የሰው ሥራ ሁሉ ከሚወስደው ሳምንት ጋር ደርድሪ። ከዚያ «የትኛውን ላቆይ?» በያቸው። ምርጫው የእሳቸው ይሁን፤ እምቢ ማለት የከበደሽ ሰው እንዲህ ይቀለዋል። እኔም የማፍር ሰው ነኝ፣ ከአፌ ይልቅ ወረቀቱ ነው የተናገረልኝ።

ወደፊት ደግሞ ኮድ ከመጻፍሽ በፊት የስም ተራው በኢሜይል ይወሰን። ብዙ ጆርናሎች የሚጠቀሙበት ክሬዲት (CRediT) የሚባል፣ በፔፐሩ ማን ምን እንደሠራ የሚገለጽበት የ14 ሚናዎች ዝርዝር አለ፤ ትንተናው አንዱ ነው፣ ግራፉ ሌላው። «የእኔ የትኞቹ ናቸው?» ብለሽ ጠይቂ፤ አያስቀይምም። ያንቺ ትንተና የፔፐሩን ድምዳሜ የለወጠ ከሆነ አንደኛነቱን መጋራት ይገባሻል። ፔፐሩ ከተላከ በኋላ ግን ይህን ማንሳት ጠብ ነው።

ፈጽመሽ መርዳት ግን አታቁሚ። በኋላ ለሥራ ሳመለክት የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልኝ አንዱ፣ ግራፍ የሠራሁለት ሰው ነው።

ሌሊት_አንባቢ፦
ተደጋግሞ የሚመጣውን ግራፍ አንዴ ኮዱን አስተካክለሽ ጽፈሽ ከነመመሪያው የጋራ ፎልደር ውስጥ ጣይው። ራሳቸው ይሞክሩት። ያንቺው ሲያልቅ ደግሞ ጆርናል እስኪቀበለው ወራት አትጠብቂ፤ ባዮአርካይቭ (bioRxiv፣ የባዮሎጂ ፔፐሮች ጆርናል ሳይቀበላቸው በፊት የሚለጠፉበት ድረ ገጽ) ላይ ጫኚው። ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥልሻል፣ ስታመለክቺም ሊንኩን ትሰጫለሽ።

ፔትሪዲሽ፦
ማታ ቁጭ ብዬ ግራፎቹን ነደፍኳቸው። አምስት ነበሩ፤ ሁለቱ አንድ ነገር የሚናገሩ ሆኑና አራት ቀሩ። ጉዱ፣ የሦስቱ ዳታ ካምና ጀምሮ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጧል! ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።