የገናን ዛፍ ከቤትና ከደጅ በሚገኝ ነገር እንዴት ላስጊጥ?

ጥያቄ (የአራተኛ ፎቅ እናት)፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት የገዛኋቸው አብረቅራቂ ኳሶች ግማሾቹ ካርቶን ውስጥ ተሰባብረው፣ የቀሩት ቀለማቸው ተልጦ አገኘኋቸው። ትናንት ደግሞ የስድስት ዓመት ልጄ ኪሷን ሙሉ የባሕር ዛፍ ፍሬ ይዛ መጣችና «ይህን እንስቀለው» አለችኝ። ሳቅሁባት፤ ሐሳቡ ግን አልለቀቀኝም። ለታኅሣሥ 29 ሁለት ሳምንት ቀርቶናል፤ ዛፋችን ወገቤ ድረስ የሚደርስ ፕላስቲክ ነው። ፍሬውን ምን ላድርገው? ሌላስ ምን ልጨምር?

ቅጠል ለቃሚ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ቀድማሻለች። የነጭ ባሕር ዛፍ ከሆነ ፍሬውን ገልብጠሽ አናቱን እዪው፤ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ስንጥቅ አለው፤ ባለ አራቱ ትንሽ መስቀል ይመስላል። እባክሽ ወርቃማ ቀለም አትቀቢው! ጋዜጣ ላይ አስጥተሽ ፀሐይ አስመቺው፤ ሲደርቅ ስንጥቁ ተከፍቶ ደቃቅ ዘር ያራግፋል። በመርፌ ለመብሳት አትሞክሪ፣ እንጨት ነው። ክሩን በግርጌው በሙጫ ለጥፊ፤ ከቀንበጡ ያልተላቀቀውን ከነቀንበጡ ስቀዪው።

ባለረከቦት፦ ፈንዲሻስ? ለቡና ከሚቆላው ላይ አንድ ሳህን አስቀሪ። ትኩሱን አትሰኪው፣ ይፈረከሳል፤ አንድ ቀን አድሮ ሲለሰልስ በመርፌና በክር እየሰካሽ ዛፉ ላይ ጠምጥሚው። ጨውም ስኳርም አይንካው። በዓሉ እንዳለፈ አውርጂው፤ አይጥም በዓል ያከብራል።

አዲስ አባል፦ የእንቁላል ቅርፊትም ቀለም ተቀብቶ ያምራል።

ባለረከቦት፦ ወንድሜ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ላለ ቤት እንቁላሉን ማን ሊበላልህ ነው?

ሰፌድ ሰፊ፦ ልጄ፣ እኔ ሰፌድ ስሰፋ ከሚተርፈኝ ስንደዶ ኮከብ እሠራለሁ። ደረቁ ስለሚሰበር መጀመሪያ ውኃ ውስጥ አቆዪው። የጣት ርዝመት ያላቸው ሦስት ዘንጎች መሐላቸው ላይ አቆላልፊና በቀይ አክርማ አጥብቀሽ እሰሪ፤ ስድስት ጫፍ ይወጣዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራቱ ጠማማ ይሆናሉ። እነርሱንም ስቀዪ፣ ከኋላ በኩል።

ምጣድ ወዳድ፦ ብርቱካን በስሱ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገሽ ቁረጪ። እንጀራ ጋግረሽ ስትጨርሺ የኤሌክትሪክ ምጣዱን አጥፊና በወረቀት ላይ ደርድረሽ በትርፍ ሙቀቱ አድርቂው። በአንድ ጊዜ አይደርቅም፤ የቀረውን የበጋው ፀሐይ በሰፌድ ላይ ይጨርስልሻል። ማታ ማታ አስገቢው። በመስኮት በኩል ብርሃን ሲያርፍበት ምን እንደሚመስል ራስሽ ታዪዋለሽ።

ተቃዋሚ፦ ዛፉ ራሱ የእኛ ባህል አይደለም። ቀጤማ ጎዝጉዙና ይበቃል።

ቅጠል ለቃሚ፦ ቀጤማውም ይጎዘጎዛል፤ ጥያቄው ግን ስለ ፍሬው ነው።

ጥንቁቁ ጎረቤት፦ አንድ ነገር ልጨምር። ፈንዲሻ፣ ስንደዶና ደረቅ ብርቱካን ቶሎ ይቀጣጠላሉ፣ ፕላስቲኩም እንዲሁ። ሻማ በዛፉ ላይ አታድርጉ፤ የቡናውንም ከሰል አርቁት። አምፖል ካስፈለገ የማይግለውን ዓይነት፣ ስትተኙም ነቅላችሁ።

የአራተኛ ፎቅ እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፍሬው ደርቆ ተሰቅሏል፤ ጋዜጣው ላይ የቀረውን ዘር ልጄ በማሰሮ አፈር ውስጥ ዘርታዋለች፤ በረንዳዬ ላይ ባሕር ዛፍ ቢበቅል ምን እንደምሆን እንጃ። ስንደዶው ገና ነው። ፈንዲሻውን ሁለት ክንድ ያህል ሰክተን ነበር፤ ዛፉ ላይ የደረሰው አንድ ክንድ ነው።