የናኦኮ ያማኖ ዘፈኖች፦ ከየትኛው ልጀምር?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ ሾነን ናይፍ የሚባል የጃፓን ባንድ ላይ ወደቅኩ። ሴቶች ናቸው፣ የሚጫወቱት ፓንክ ሮክ ነው። ጊታሩንም ድምፁንም የያዘችው ናኦኮ ያማኖ የምትባል ሴትዮ ናት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ዜማዋ ከአፌ አልወጣም። ግን ከ40 ዓመት በላይ ስትጫወት ኖራለች፣ የአልበሙ ብዛት ግራ አጋባኝ። 6 ወይ 7 ዘፈን ምረጡልኝ በናታችሁ። ጊታር ከጀመርኩ ገና 5 ወሬ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር (አንዷ ባስ፣ አንዷ ድራም) ልንሞክረው የምንችለው ካለም ለይታችሁ ንገሩኝ።

ሮኬት፦ ክርክር የለውም፣ «ራይዲንግ ኦን ዘ ሮኬት»። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «ሌትስ ናይፍ» ላይ አለልሽ። በሮኬት ወደ ፕሉቶ እንሂድ ነው ነገሩ፤ ስንቁ ማርሽሜሎ፣ አስፓራገስና አይስክሬም። በቃ፣ ቁም ነገር አትፈልጊበት። እዚያው «ትዊስት ባርቢ»ን ስሚ። ሰማያዊ ዓይን፣ ወርቃማ ፀጉርና ረጅም እግር ያላትን አሻንጉሊት መሆን አማረኝ ትላለች። እየቀለደች ይሁን ከልቧ አይለይም፤ እኔ የምወድላትም እሱን ነው።

ካሴት ሰብሳቢ፦ በዘፈኑ እስማማለሁ፣ በአልበሙ አልስማማም። ያ እኮ የድሮዎቹን እንደገና የቀዱበት ነው፣ ብዙውንም በእንግሊዝኛ። «ትዊስት ባርቢ»ን በ1983ቱ «በርኒንግ ፋርም» ላይ ስሚውና ፍረጂ። ድምፁ ስስ ነው፣ ጨዋታውም ገና አልተሞረደም፣ ግን ነፍስ አለው። ባንዱን በ1981 መጨረሻ ኦሳካ ላይ የጀመሩት ናኦኮ፣ እህቷ አትሱኮና ጓደኛቸው ሚቺዬ ናካታኒ ናቸው፤ ስሙን ያገኙት ከኪስ ቢላ ነው፣ «የልጅ ቢላ» እንደማለት። «በርኒንግ ፋርም»ን በ1985 ኬ ሪከርድስ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ አሜሪካ ውስጥ በካሴት አወጣው። በ1991 ደግሞ ኒርቫና የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ እንግሊዝ አገር ሲዞር ይዟቸው ዞረ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው!

ባስ ያዡ፦ እናንተ በቅጂ ተጣሉ፣ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ መጫወት ነው። እህቴ፣ ለልምምድ ከ«ኦሳካ ራሞንስ» ጀምሪ። በ2011፣ ባንዱ 30 ዓመት ሲሞላው፣ ራሞንስ የሚባለውን የአሜሪካ ፓንክ ባንድ ዘፈኖች ብቻ የተጫወቱበት አልበም ነው። የናኦኮ ድርሰት አይደለም፣ ግን እጇ ከየት እንደተማረ እዚያ ይገባሻል። «ብሊትዝክሪግ ቦፕ»ን ያዢ። ሙሉ ኮርድ (ሁሉንም ክር አንድ ላይ የሚያሰማ አያያዝ) አያስፈልግሽም። ጠቋሚ ጣትሽን ወፍራሙ ክር ላይ አድርጊ፣ የቀለበት ጣትሽን ከጠቋሚሽ ሁለት ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት የተከፈሉት ቦታዎች) ወደ ጊታሩ ሆድ ቀረብ አድርገሽ ቀጣዩ ክር ላይ፣ ከዚያ ያንኑ ቅርጽ ሳትለቂ በአንገቱ ላይ መንሸራተት ነው። ፒኩን (ክር መምቻውን) ወደ ታች ብቻ ምቺ። ታች ታች ታች ታች። ወደ ላይ መመለስ ከጀመርሽ ጉልበቱ ይሄዳል። ከእጅ አንጓሽ ምቺ እንጂ ትከሻሽን አታስቸግሪው፤ ሲያቃጥልሽ አረፍ በይ። እሱ ሲለምድልሽ «ሮኬት»ን ሞክሪ።

ጾመኛው፦ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ፣ በጾም አትስሟት 😂 ሴትዮዋ የምትዘፍነው ስለ ምግብ ነው። «ባናና ቺፕስ» (1998፣ «ሃፒ አወር») አንዴ ከሰማሽው ለሳምንት አይለቅሽም። «ራመን ሮክ» ደግሞ የ2014ቱ «ኦቨርድራይቭ» ላይ አለ፤ የ70ዎቹ ሮክ የሚሸት አልበም ነው። ባናና ቺፕሱስ የጾም ነው እሺ፣ የሮኬቱን አይስክሬም ምን ላድርገው?

ሮኬት፦ ጨምሪበት፦ «ቶሜቶ ሄድ»፣ 1993፣ «ሮክ አኒማልስ»። ከሌሎቹ ከበድ ይላል፣ ዲስቶርሽኑን (ጊታሩን የሚያሻክረውን ድምፅ) ከፍ አድርጊው። ከዚያ ለማረፊያ «ቶፕ ኦፍ ዘ ወርልድ»፣ የካርፔንተርስ (ለስላሳ ፖፕ ይዘፍኑ የነበሩ አሜሪካውያን ወንድምና እህት) ነው፣ በ1994 ለመታሰቢያ አልበም የተጫወቱት። ያንን ለስላሳ ዜማ በፓንክ ጊታር ስትሰሚው ትስቂያለሽ።

ካሴት ሰብሳቢ፦ ምርጫ ጥሩ ነው። «በርኒንግ ፋርም»ን ግን አትርሺ ብያለሁ።

ጀማሪዋ፦ ኧረ ተባረኩ! ሁለቱንም «ትዊስት ባርቢ» ሰማሁ፤ ካሴት ሰብሳቢ ይቅርታ፣ እኔ የ1992ቱ ይሻለኛል። ትናንት ማታ ሦስታችን «ብሊትዝክሪግ ቦፕ»ን ሞከርን። ድራመራችን ፈጥና እኛን ጥላን ሄደች፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፣ እኔ ደግሞ ታች ታች ስል ቀጭኗን ክር በጠስኳት። አሁን ሙሉውን 6 ክር ነው የምገዛው ወይስ አንዷን ብቻ የሚሸጥ አለ? ቅዳሜ ልምምድ አለን።

ባስ ያዡ፦ ለቅዳሜ ምንም አትግዢ። ያሳየሁሽ ኮርድ ቀጭኗን አይነካትም፣ በ5ቱ ቀጥይ። እንዲያውም ከተበጠሰች ፒክሽ እሷ ድረስ እየወረደ ነው ማለት ነው፤ ምትሽን አሳጥሪው።