የኢንቨስትመንት ኩባንያ አክሲዮን በአርኤስአይ ይመዘናል?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፤ ሥራዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ታላቅ ወንድሜ ኤድንብራ ይኖራል። የስኮቲሽ ሞርጌጅን አክሲዮን ለልጆቹ ትምህርት ብሎ በየወሩ በትንሽ በትንሹ መግዛት አስቧል። ስሙ ሞርጌጅ ይበል እንጂ የቤት ብድር አይሰጥም። ከ1909 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ የሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚይዝ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ነው። የራሱ አክሲዮን ደግሞ ለንደን ገበያ ላይ ይገበያያል።

ወንድሜ የስልኩን ስክሪን አንስቶ ላከልኝ። ከዋጋው ግራፍ ሥር አርኤስአይ የሚባል መስመር አለ፤ 74 ላይ ደርሷል። «ከ70 በላይ ከሆነ ተወዷል ማለት ነው አሉ፤ ከ30 በታች እስኪወርድ ልጠብቅ ወይ?» ይለኛል። የሀብትና ዕዳ መግለጫ ቢሰጠኝ አገላብጬ አነበዋለሁ። ይህ ቁጥር ምን እንደሚለካ ሳይገባኝ ግን «ግዛ» ወይም «ቆይ» ልለው አልፈልግም። የልጆች ገንዘብ ነው። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

ዓባይ ማዶ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። አርኤስአይን (ሪሌቲቭ ስትሬንግዝ ኢንዴክስ) በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ዌልስ ዋይልደር የሚባል አሜሪካዊ መካኒካል መሐንዲስ ነው። ያለፉትን 14 የግብይት ቀናት ትወስጃለሽ። ዋጋው የጨመረባቸውን ቀናት ጭማሪ ደምረሽ ለ14 ታካፍያለሽ። የቀነሰባቸውንም እንደዚያው። አርኤስአይ ማለት አማካይ ጭማሪው ከሁለቱ ድምር ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። አማካይ ጭማሪው የአማካይ ቅናሹ ሦስት እጥፍ ከሆነ አርኤስአይ 75 ይመጣል። እኩል ከሆኑ 50። ቻርቶች ትንሽ ያለሳልሱታል እንጂ መሠረቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚህ ስሌት ውስጥ ኩባንያው ስለያዘው ሀብት የሚናገር አንድም ቁጥር የለም። ውድ ነው፣ ርካሽ ነው የሚል ነገርም የለውም። የሚነግርሽ ዋጋው በምን ጉልበት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እየሄደ እንደሆነ ብቻ ነው። ጣናን ልብ ብለሽ ካየሽው፣ በነሐሴ ውኃው ከቀን ወደ ቀን ከፍ ይላል። መስከረም ሲገባ ጭማሪው ይዳከማል፤ ሐይቁ ግን ያኔም ገና እየሞላ ነው። አርኤስአይ የሚለካው ጭማሪውን እንጂ የውኃውን ልክ አይደለም።

ለኢንቨስትመንት ኩባንያ ደግሞ ሌላ የሚታይ ነገር አለ፤ እኔ ዋናው ይህ ነው እላለሁ። እንዲህ ያለ ኩባንያ የያዘው ሀብት ተገምቶ፣ ዕዳው ተቀንሶ፣ ለአንድ አክሲዮን ስንት እንደሚደርስ ይሰላል። የተጣራ ሀብት ዋጋ የሚባለው ነው። ስኮቲሽ ሞርጌጅ ይህን በየሥራ ቀኑ ያወጣል። የገበያው ዋጋ ደግሞ ከዚህ በታች ወይም በላይ ሊሆን ይችላል፤ በታች ሲሆን ልዩነቱ ቅናሽ ይባላል።

ሁለት ሁኔታ ልስጥሽ። በመጀመሪያው የተጣራ ሀብቱ 100 ሆኖ እንዳለ ቆሟል፤ የገበያው ዋጋ ግን ከ90 ወደ 99 ወጣ። በሁለተኛው የተጣራ ሀብቱ ከ100 ወደ 110 አደገ፤ ዋጋውም ከ90 ወደ 99 ወጣ። አርኤስአይ በሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳይሻል። ነገሩ ግን ለየቅል ነው። በመጀመሪያው 10 በመቶ የነበረው ቅናሽ ወደ 1 በመቶ ወርዷል፤ ኩባንያው ምንም አላፈራም። በሁለተኛው ሀብቱ ራሱ አድጓል፤ ቅናሹም 10 በመቶ እንደሆነ አለ። ወንድምሽ ያየው 74 ከየትኛው እንደመጣ ሳይታወቅ ምን ይፈረዳል?

«ከ30 በታች ሲወርድ እገዛለሁ» የሚለውን በተመለከተ፣ ይህ አክሲዮን በኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) ጣሪያ ነክቶ ነበር። እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ። እንዲህ ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ አርኤስአይ ደጋግሞ ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር «ረከሰ» ብሎ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ገና መንገድ ላይ ይጨርሳል። ያኔ የተጣራ ሀብቱም ወርዶ ነበር፤ ቅናሹም ሰፍቶ ነበር። ኩባንያው በመጋቢት 2024 ቢያንስ 1 ቢሊዮን ፓውንድ አውጥቶ የራሱን አክሲዮን መልሶ እንደሚገዛ ያስታወቀው ያን ቅናሽ ለማጥበብ ነው።

ፔዳ ግቢ፦

ጋሼ በደንብ አስረድተዋል። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሞመንተም፣ ማለትም ዋጋ በያዘው አቅጣጫ የመቀጠል ዝንባሌው፣ ዝም ብሎ የሚጣል ነገር አይደለም። ጄጋዲሽና ቲትማን በ1993 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ባለፉት 3 እስከ 12 ወራት ከሌሎቹ በላይ የጨመሩ የአሜሪካ አክሲዮኖች በተከታዮቹ ወራትም በአማካይ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ስለዚህ 74 ሲያዩ «አሁንማ ይወድቃል» ብሎ መሸሽም ልክ አይደለም። ጠንካራ አክሲዮን ከ70 በላይ ሆኖ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተጣራ ሀብቱም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ስኮቲሽ ሞርጌጅ እንደ ስፔስኤክስ ያሉ፣ ገበያ ላይ ሳይወጡ የገዛቸው ድርሻዎች አሉት። ገበያ ላይ ያልዋለ ኩባንያ ዋጋው የሚታወቀው በግምት ነው። ግምት ደግሞ ገበያውን ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ቅናሹ ሰፋ ሲል «ገበያው ግምቱን አላመነውም ይሆን?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ90ና የ100ው ምሳሌ ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ወንድሜን የሁለት ዓመቱን ዋጋና የተጣራ ሀብት ጎን ለጎን እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ፤ ቅናሹን እኔ እሠራዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። እኔ እዚህ የባንክ አክሲዮን አለኝ። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የእኛ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ላይ የተመዘገበ አክሲዮንንስ በአርኤስአይ ማየት ይቻላል?

ዓባይ ማዶ፦

የወንድምሽን በተመለከተ፣ በየወሩ በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ከሆነ የዕለቱ አርኤስአይ ብዙም አያስጨንቀው። ማየት ካማረው የሳምንቱን ይይ። የዛሬው ቅናሽ ከራሱ ከኩባንያው ያለፉ ዓመታት ቅናሽ ጋር ሲተያይ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ይህ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የእኛን ገበያ በተመለከተ፣ ግብይቱ ገና ስስ ነው። አክሲዮንሽ በ14 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ዋጋው ተቀይሮ 5 ብር ጨመረ እንበል። በሌሎቹ ቀናት ንቅንቅ አላለም። ዋጋው የወረደበት ቀን ስለሌለ አርኤስአይ 100 ይላል! አንድ ሰው ስለገዛ ብቻ። ስለዚህ በስንት ቀን፣ ስንት አክሲዮን እንደተሸጠ መጀመሪያ እይ። ከዚያ የባንኩን የተመረመረ ዓመታዊ ሒሳብ አውጪ፤ የተበላሸ ብድሩን፣ ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ትርፍና የተጣራ ሀብቱን። እሱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታነቢዋለሽ።