ጅማ ላይ ሆኖ የአይቲ የሙያ መጽሔት ማንበብ፦ የትኛውን፣ በምን መንገድ?

ሂርማታ_ኔት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ሰርቨር፣ አራት ስዊችና ወደ ስድሳ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች አስተዳድራለሁ። ዜና ሳይሆን ሥራ የሚያስተምር የሙያ መጽሔት ፈልጌ ነው። የዶላር ካርድ የለኝም፤ ኢንተርኔቱም የሞባይል ጥቅል ነው። ከየትኛው ልጀምር? «ለባለሙያ በነጻ» የሚሉትስ እውነት ነጻ ናቸው?

ጅሬን፦
ወንድሜ፣ ባልከው ሥራ ላይ ከኢንተርኔት ፕሮቶኮል ጆርናል ጀምር። ከ1998 ጀምሮ የሚወጣ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፤ ፒዲኤፉ በነጻ ይወርዳል። ዲኤንኤስን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን ሥርዓት)፣ ቢጂፒን (ትልልቅ ኔትወርኮች መንገድ የሚጠቋቆሙበትን) ወይም አይፒ ስሪት 6ን (አዲሱን የአድራሻ ሥርዓት) አንዱን ይዞ ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳል። ስታነብ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈት፦ ስለ ዲኤንኤስ የተጻፈውን እያነበብክ ‹ዲግ› በሚባለው የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትእዛዝ የራስህን ሰርቨር ጠይቅ። እንዲህ ካልተነበበ በሳምንቱ ይረሳል።

ለሲስተም አስተዳደር ዩዝኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ‹ሎጊን› አለልህ። ወረቀቱ በ2020 ቢቆምም የቀድሞ እትሞቹ በነጻ ይገኛሉ። ኤሲኤም የተባለው ሌላው የኮምፒውተር ማኅበር መጽሔት፣ ኮሙኒኬሽንስ ኦፍ ዘ ኤሲኤም፣ በ2024 ለሁሉም ክፍት ሆኗል፤ ግን ወደ ምርምር ያደላል፤ ለአሁኑ ይቆይህ።

ኪቶ_ፉርዲሳ፦
«በነጻ» ስለሚሉት፦ ገንዘብ አይጠይቁም፣ መረጃ ግን ይጠይቃሉ። የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ አንባቢያቸው ዕቃ የመግዛት ሥልጣን እንዳለው ለአስተዋዋቂው ማሳየት አለባቸው። ቅጹ የሥራ መደብህን፣ የሠራተኛ ብዛትን፣ ግዢ ላይ ያለህን ድርሻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ያለውን በእውነት ሙላ፤ «ተማሪ» የሚለውን ከመረጥክ ብዙዎቹ አይቀበሉህም። «ዲጂታል እትም» የሚለውን ምረጥ፣ ወረቀቱን ወደ ውጭ አገር የማይልኩ ብዙ ናቸው። ለብቻው የተከፈተ ኢሜይል ተጠቀም፣ አለበለዚያ የሻጮች መልእክት የሥራ ሳጥንህን ያጥለቀልቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ቅጹን እንደገና ሙላ ይሉሃል፤ ዝም ካልክ መላኩን ያቆማሉ።

ስታነብ ደግሞ ከጸሐፊው ስም ሥር ያለውን መስመር አትዝለል። የማከማቻ ዕቃ አምራች ሠራተኛ ስለ ማከማቻ ዕቃ ሲጽፍ መጨረሻው የት እንደሆነ ይታወቃል። የቃላቱንና የአሠራሩን ማብራሪያ ውሰድ፣ የግዢ ምክሩን ተው።

ሂርማታ_ኔት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የማውረዱ ነገርስ? መሃል ላይ እየተቆረጠ ከዜሮ ይጀምራል። የድሮ እትምስ ይጠቅማል?

ጅሬን፦
በብሮውዘር አታውርድ። ‹ደብልዩጌት› (wget) የተባለውን የማውረጃ ትእዛዝ ከ‹ሰረዝ ሲ› (-c) ምርጫው ጋር ተጠቀም፤ ፋይሉ ያለበት ሰርቨር ከፈቀደ ከተቆረጠበት ይቀጥላል። ከማውረድህ በፊት መጠኑን እይ፦ ስካን የተደረገ አሮጌ መጽሔት ከመቶ ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ኢንተርኔት አርካይቭ (የአሮጌ ኅትመቶች ማከማቻ ድረ ገጽ) ላይ ከሆነ ጽሑፉን ብቻ የያዘውን ፋይል ምረጥ፤ ከስካኑ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ሥዕሉና ሠንጠረዡ ግን ይበላሻል፤ ትእዛዝ የያዙ መስመሮችም ላይ ‹አንድ› ቁጥርና ‹ኤል› ፊደል ስለሚምታቱ ገልብጠህ አትለጥፍ።

የድሮ እትም ለመርህ እንጂ ለትእዛዝ አይሆንም። ባይት የተባለው የኮምፒውተር መጽሔት ከ1975 እስከ 1998 የወጣ ነው፤ ኮምፒውተር በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱበት ጽሑፎች ዛሬም ያስተምራሉ። በሴንትኦኤስ 7 (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ሰርቨር ማዘጋጀትን የሚያሳይ ጽሑፍ ግን አይሆንህም፦ ድጋፉ በጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል፣ የማውረጃ ቦታዎችን ዝርዝር የሚሰጠው የ‹ሚረርሊስት› አድራሻውም ስለማይመልስ ‹ያም› (yum) የተባለው የፕሮግራም መጫኛው ገና ከመጀመሪያው ይቆማል። ቀኑንና የስሪት ቁጥሩን ሳታይ አንድም ነገር ሰርቨሩ ላይ አትሞክር።

ኪቶ_ፉርዲሳ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ስለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) የሚጽፉት ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል አስበው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሰርቨርህ ያለው መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ከሆነ «በአምስት ዓመት ቀይር» ያሉትን እንዳለ አትቀበል፤ መጀመሪያ ባትሪው አጠገብ ቴርሞሜትር አስቀምጥ።