አዲስ ስኖው ብሎወር፦ የትኛውን ልግዛ? ሮዳጁስ እንዴት ነው?

ሰሜን_ነፋስ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሚኒያፖሊስ ነው። የቤታችን ድራይቭዌይ አስፋልት ነው፤ ርዝመቱ 60 ጫማ፣ ስፋቱ 18 ጫማ ይሆናል፤ ከፊቱ ደግሞ የእግረኛ መንገድ አለ። ከተማው በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛውን መንገድ አጽዱ ስለሚል፣ ከሥራ መልስ በአካፋ መጨረስ ከባድ ሆኗል። ዘንድሮ በረዶ ሳይገባ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን (ስኖው ብሎወር) ልገዛ ነው፤ የያዝኩት እስከ 1,500 ዶላር ነው።

ሲንግል ስቴጅ ይበቃኛል ወይስ ቱ ስቴጅ ልውሰድ? የባትሪው ያዋጣል? ደግሞ አዲስ ሞተር ሮዳጅ (በመጀመሪያ ሰዓታት በጥንቃቄ ማለማመድ) ይፈልጋል ይባላል፤ ለስኖው ብሎወር እውነት ከሆነ በተግባር የሚደረገው ምንድን ነው? ሻጩ የሚለው «ቤንዚን ጨምርና አስነሳ» ብቻ ነው።

ቺንጋና_ካንዴላ

ሰላም ወንድሜ። ምርጫህን የሚወስነው የድራይቭዌዩ ስፋት ሳይሆን አፉ ላይ የሚከመረው ነው። የከተማው ፕላው መንገዱን ጠርጎ ሲያልፍ በርህ ላይ የሚተወው ክምር የታመቀ፣ ጨው የጠጣና እርጥብ ነው፤ ሁለት ሰዓት ካደረ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። ሲንግል ስቴጅ በአንድ ጎማ ለበስ መቅዘፊያ ነው ጠርጎም የሚወረውረው። አዲስ የጣለ እስከ 8 ኢንች ድረስ በረዶን አስፋልቱ እስኪታይ ያጸዳል፤ ቀላልም ነው። የፕላው ክምር ላይ ሲደርስ ግን አፍንጫውን አንስቶ ይወጣበታል እንጂ አይበላውም። ቱ ስቴጅ ከፊት ያለው ጠምዛዛ ብረት፣ ኦገሩ፣ ይሰበስባል፤ ከኋላው ያለው ኢምፔለር ደግሞ ይወረውራል። ሚኒያፖሊስ በአማካይ በዓመት 51 ኢንች ያህል ይጥልበታል፤ በ2022–23 ግን ከ90 ኢንች አልፎ ነበር። ስለዚህ ቱ ስቴጅ ውሰድ።

ለአንተ 24 ኢንች ይበቃል። 28 ከሆነ ምልልሱ ይቀንሳል፤ ግን ከሁለት መኪና ጎን ጋራዥ ውስጥ ቦታ ይፈልጋል፣ ሲዞርም ይከብዳል። ስፋቱን ብቻ አይተህ አትግዛ። 250 ሲሲ አካባቢ ሞተር የተገጠመለት 24 ኢንች፣ ያው ሞተር ከተገጠመለት 30 ኢንች ይልቅ እርጥብ በረዶ ላይ ይሻላል፤ ጉልበቱ ለጠባብ አፍ ነውና።

ሱቅ ውስጥ ጎንበስ ብለህ እነዚህን ተመልከት፦ የኦገሩ ዘንግ ላይ የግራሶ ማስገቢያ ጫፍ አለው ወይ? ማርሽ ቤቱ ዘይት የሚጨመርበት ቡሎን አለው ወይስ ለዘለዓለም የተዘጋ ነው? በረዶው የሚወጣበት አንገት ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? እጀታው ላይ አንዱን ጎማ ብቻ ለቆ የሚያዞር ማስፈንጠሪያ አለ? የመጨረሻው ቅንጦት ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ 200 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚመዝን ማሽን በጠባብ ቦታ ስታዞር ዋጋው ይታወቅሃል።

ባትሪ ለትንሽ ድራይቭዌይና ለደረቅ በረዶ ጥሩ ነው፤ ዘይት የለም፣ ካርቡራቶር የለም። በአንተ ልክ ግን ጥሩ የሚባለው የባትሪ ቱ ስቴጅ ከያዝከው ገንዘብ ይበልጣል። ከባድ በረዶ ላይ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ብርዱም አቅሙን ይቀንሰዋል።

የመለዋወጫ ነገር፦ ቶሮ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ብሉሚንግተን ነው፤ ኤሪያንስ ደግሞ የጎረቤት ዊስኮንሲን፣ የብሪሊየን ከተማ ነው። ቺንጋና ፒን በጥር መሐል ሲበጠስ ቅርብ ሱቅ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ሊቤሎ_አይዋሽም

ሮዳጁ እውነት ነው፤ ከሞተሩ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። አዲስ ማሽን በፋብሪካ ተስተካክሎ ቢወጣም በጭነት መኪና ተንገላቶ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ዘይት። አንዳንዱ ተሞልቶ ይመጣል፣ አንዳንዱ ባዶ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ በግማሽ። ሻጩ ያለህን ትተህ ማሽኑን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቁመህ ሊቤሎውን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) አውጥተህ፣ ጠርገህ፣ መልሰህ ተመልከት። አንዳንዱ ሞተር ሊቤሎው ጠምዝዞ ገብቶ ነው የሚለካው፣ አንዳንዱ ሳይጠመዘዝ፤ መመሪያው ላይ አለ፣ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። 250 ሲሲ አካባቢ ያለ ሞተር 0.6 ሊትር ያህል ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ከበለጠ ጭስ ያበዛል፣ ዘይቱም በመተንፈሻው ወደ ካርቡራቶር ይገባል። 5W-30 ተጠቀም፤ ሲንቴቲክ ከሆነ ከዜሮ ፋራናይት በታች ገመዱ በቀላሉ ይሳባል።

ቀጥሎ የጎማ ንፋስ። ለጉዞ ተብሎ ከልክ በላይ ተነፍቶ ሊመጣ ይችላል። ጎማው ላይ በተጻፈው መጠን አስተካክል፤ ዋናው ግን ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ነው። አንዱ በጥቂት ፒ ኤስ አይ ቢበልጥ ማሽኑ ወደ ጎን ይስባል፣ የፊቱም አፍ ያዘነብላል፤ ሰው ደግሞ ማርሹ ነው ብሎ ይደክማል።

ከጎኑ ያሉት ተንሸራታች ጫማዎች (የፊቱን አፍ ከመሬት ከፍ አድርገው የሚይዙት) ንፋሱ ከተስተካከለ በኋላ ነው የሚለኩት። ሁለት ቀጭን የቀለም ማማሰያ እንጨት ከታችኛው መጥረጊያ ብረት ሥር፣ ግራና ቀኝ አስገባ፤ ውፍረታቸው 1/8 ኢንች ገደማ ስለሆነ ለአስፋልት ልክ ነው። የጫማዎቹን ዳዶ አላላ፤ ጫማው በራሱ ክብደት ወርዶ መሬት ላይ ሲያርፍ አጥብቅና እንጨቱን ሳብ። ለጠጠር መንገድ ከሆነ 1 ኢንች አንሳ፤ ካልሆነ ጠጠሩን የጎረቤት መስኮት ላይ ትወረውረዋለህ።

ከዚያ የኦገሩ ካቦ፣ ማለትም ከእጀታው ማንሻ የሚመጣው ገመድ። ማንሻውን ስትለቅ ትንሽ መላላት አለበት። በጣም ከተወጠረ ቺንጋው ፑሊውን ሳይለቅ ይፋተጋል፤ ማንሻውን ለቀህም ኦገሩ መዞሩን ይቀጥላል። ከላላ ደግሞ እርጥብ በረዶ ሲገባ ቺንጋው ይንሸራተትና የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ማንሻውን ልቀቅ፤ ኦገሩ በ5 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ካልቆመ አትሥራበት።

አሁን ሞተሩ። በሮዳጅ ጊዜ የፒስቶኑ ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እየተፋተጉ ልካቸውን ያገኛሉ። ይህ የሚሆነው ሞተሩ ጭነት ሲኖረው ነው፤ ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የፍንዳታው ግፊት ስለሆነ። ስለዚህ «አዲስ ነው» ብሎ በዝቅተኛ ዙር ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ ማስጮህ ጥቅም የለውም፤ ግድግዳው መስታወት ይሆንና ዘይት መብላት ይጀምራል። በተግባር ውጭ አውጥተህ (ጋራዥ ውስጥ በጭራሽ፤ በሩ ክፍት ቢሆንም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ቤት ይገባል) ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አሙቀው፣ ቾኩን ቀስ በቀስ ክፈት፣ ከዚያ የነዳጅ መስጫውን ጥንቸሏ ምልክት (ሙሉ ዙር) ላይ አድርገህ ሥራ። ለመጀመሪያው አንድ ሁለት ሰዓት ግን የማሽኑን አፍ ሙሉ አትሙላው፤ ግማሽ ስፋት እየወሰድክ ሂድ። ሞተሩ ድምፁ ሲወርድ የእግር ፍጥነቱን ቀንስ እንጂ ነዳጁን አትቀንስ። ዙሩ ሲወርድ ኢምፔለሩ የመወርወር ጉልበቱን ያጣል፣ አንገቱም ይደፈናል።

ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱን ቀይር። ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ነጭ ዕቃ ውስጥ አፍስሰው፤ ፀሐይ ላይ ስታየው እንደ ብር ዱቄት የሚያብለጨልጭ ነገር ታገኛለህ። እሱ ከፋሻውና ከግድግዳው የተፋቀ ብረት ነው፤ እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች በአብዛኛው የዘይት ፊልትሮ ስለሌላቸው ከዘይቱ ጋር ካልወጣ እዚያው ይዞራል። አንዳንድ አምራች የመጀመሪያውን ቅያሬ እስከ 20 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ቀድሞ መቀየር ግን ምንም አይጎዳም፣ ዋጋውም ከአንድ ጠርሙስ ዘይት በታች ነው። በዚያው ጊዜ ካቦውን እንደገና ፈትሽ፤ አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይለጠጣል።

ሰሜን_ነፋስ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ቱ ስቴጅ 24 ኢንቹን ወስኛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከማሽኑ ጋር ሁለት መለዋወጫ ሺር ፒን ይሰጣል። ቶሎ ይሰበራል ይላሉ። በተመሳሳይ ውፍረት ጠንካራ ቡሎን ባስርበት አይሻልም?

ግራሶ_በጊዜው

አይሻልም፤ እባክህ እንዳታደርገው። ያ ፒን የተሠራው እንዲሰበር ነው። ኦገሩ በረዶ ሥር የተቀበረ ጋዜጣ፣ የእንጨት ቁራጭ ወይም የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሲመታ ኃይሉ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። ፒኑ ለስላሳ ስለሆነ ይቆረጣል፣ አንድ ጎን ኦገር መዞር ያቆማል፣ አንተም በ5 ደቂቃ አዲስ ትከታለህ። ጠንካራ ቡሎን ከሆነ አይቆረጥም፤ ኃይሉ ወደ ማርሽ ቤቱ ይሄድና የነሐሱን ማርሽ ጥርስ ይልጠዋል፣ ወይም ቤቱን ይሰነጥቃል። የፒን ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው፤ የማርሽ ቤት ዋጋ የማሽኑን ሲሶ ሊያስከፍል ይችላል። ለማሽንህ ሞዴል የተሠራውን ስድስት ፒን ግዛና ከሁለት የ13 ቁልፍ ጋር (ወይም ለፒንህ ዳዶ በሚሆነው ልክ) በላስቲክ ከረጢት አድርገህ እዚያው ማሽኑ ላይ እሰር።

ከዚህ የሚብሰው ግን ማንም የማያወራው ነገር ነው። ፒኑ ጥሩ ሆኖም ኦገሩ ዘንጉ ላይ በዝገት ከተጣበቀ፣ ፒኑ ቢቆረጥም ኦገሩ አይለቅም፤ ኃይሉ አሁንም ወደ ማርሽ ቤቱ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ገና አዲስ ሳለ፣ በረዶ ሳይነካው፣ የሞተሩን ማስነሻ ቁልፍ ንቀልና የካንዴላውን ካፕ አውጣ፤ ሁለቱንም ሺር ፒን አውልቅ፤ እያንዳንዱን ጎን ኦገር በእጅህ አዙር። ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ ኦገሩ ብቻውን በነፃ መዞር አለበት። በግራሶ ማስገቢያው ጫፍ ግራሶ ሙላ፤ በዳር በኩል መውጣት ሲጀምር አቁም፤ አሥር ጊዜ ያህል አዙረህ አዳርስና ፒኑን መልስ። ማስገቢያ ከሌለው ኦገሩን ትንሽ ወደ ጎን ገፍተህ ዘንጉን ቀባ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከተደረገ ሃያ ዓመትም ይሠራል፤ ሦስት ዓመት ከተረሳ ግን በመዶሻና በእሳትም ላይለቅ ይችላል።

ቀዝቃዛ_ማለዳ

ወንድሞቼ ዋናውን ብለውታል፤ እኔ ስለ ነዳጁና ስለ እጅህ ልጨምር።

ቤንዚን ኦክቴን 87፣ ከ10 በመቶ ያልበለጠ ኢታኖል ያለው ይሁን። እዚህ ማደያ ላይ ረከስ ብሎ የሚሸጠው 88 ቁጥር 15 በመቶ ኢታኖል ስላለው ለእነዚህ ሞተሮች ክልክል ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ማደያ ለትንንሽ ሞተርና ለጀልባ የሚሆን ኢታኖል የሌለበት 91 ይሸጣል፤ ዋጋው ይበልጣል፣ ግን ካርቡራቶሩን ያድናል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ጋሎን በላይ አትግዛ፤ ገና ስትቀዳው እንዳይበላሽ የቤንዚን ማረጋጊያ ጨምርበት።

በኤሌክትሪክ ስታስነሳ ቁልፏን ከ5 ሰከንድ በላይ አትጫን፤ ካልተነሳ አንድ ደቂቃ አሳርፈው። ፕራይመሯን (ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ የምትገፋውን የጎማ ቁልፍ) ብርድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ተጫን።

አንገቱ ሲደፈን (መጋቢት ላይ የሚጥለው ውሃ ያዘለ በረዶ ሁሌም ይደፍነዋል) ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ ሁሉም ነገር እስኪቆም ጠብቅ፤ ከዚያ ማሽኑ ላይ በተሰካው የፕላስቲክ ዱላ ብቻ አጽዳ። ሞተሩ ጠፍቶም ቺንጋው ውስጥ የታመቀ ኃይል ስለሚኖር በረዶው ሲላቀቅ ኢምፔለሩ አንድ ሩብ ዙር ሊወረወር ይችላል። ጣት የሚቆረጠው በዚህች ሩብ ዙር ነው። ጓንት ምንም አያድንም። በየሁለት ሳምንቱ አንገቱንና አፉን በሲሊኮን ስፕሬይ ብትቀባ መደፈኑ በብዙ ይቀንሳል፤ ብቻ ስፕሬዩ ቺንጋውና ከሥር ያለው የጎማ መንጃ ሳህን ላይ እንዳይደርስ፣ ይንሸራተታሉ።

ሥራ ስትጨርስ ወዲያው አታጥፋው። ኦገሩን አንድ ሁለት ደቂቃ ባዶውን አዙረው፣ የቀረውን በረዶ ይትፋ። ካልተፋ ሌሊት ኢምፔለሩ ከቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ ጠዋት ማንሻውን ስትጫን ሞተሩ ያቃስታል፣ ቺንጋው ይጮኻል። ያን ከሰማህ ወዲያው ልቀቅና ሙቀት ያለበት ቦታ አቅልጠው።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ማለፉን ስታረጋግጥ የነዳጁን መዝጊያ ዝጋና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠራው። ከዚያም ካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ቡሎን (ብዙ ጊዜ በ10 ቁልፍ ነው) ፈትተህ የቀረችውን ጠብታ በጨርቅ ላይ አፍስስ። በኅዳር «አልነሳ አለ» ተብሎ ጋራዥ ከሚሄደው ማሽን አብዛኛው በዚያች ጠብታ ዝቃጭ የተደፈነ ነው።