ፋየርዎሉን ከኮር ስዊቹ ጋር እንዴት ላገናኘው? ጌትዌዩስ የት ይቀመጥ?

ጀማሪው አድሚን (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ የፋይናንስ ተቋም ውስጥ ነው የምሠራው። ዳታ ሴንተራችን ትልቅ የሚባል አይደለም። ጥንድ ኮር ስዊች (ሁሉም የሚያያዝበት ዋና ስዊች)፣ ከነሱ ስር የራክ ስዊቾች፣ ቨርችዋል ሰርቨሮችን የሚሸከሙ ጥቂት የቪኤምዌር ሆስቶችና አንድ ስቶሬጅ አለን። ቪላኖቹ (በስዊቹ ላይ የተከፋፈሉት ኔትወርኮች) ተለያይተዋል፤ የዌብ፣ የአፕሊኬሽን፣ የዳታቤዝ፣ የካርድ ሲስተምና የማኔጅመንት። ችግሩ የሁሉም ጌትዌይ (ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው መውጫው በር) ኮር ስዊቹ ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉም ከሁሉም ጋር እንደልቡ ያወራል። ፋየርዎል ያለን ኢንተርኔቱ በር ላይ ብቻ ነው።

ኦዲተሮች መጥተው «ይሄ ክፍፍል አይባልም» ብለው ጻፉብን። አሁን ለውስጥ ብቻ የሚሆን ጥንድ ፋየርዎል ተገዝቷል፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ተጠባባቂ ነው። ጌትዌዮቹን በሙሉ ወደ ፋየርዎሉ ላዛውር? ወይስ ስዊቹ ላይ ኤሲኤል (ምን እንደሚያልፍ የሚወስን ዝርዝር) ብጽፍ ይበቃል? አለቃዬ በአንድ ሌሊት ጨርስ እያለኝ ነው።

ትራንክ ፖርት

ኤሲኤል አይበቃም፣ አትድከም። የስዊች ኤሲኤል ማን ንግግሩን እንደጀመረ አያስታውስም። የመልሱንም መንገድ ራስህ መክፈት አለብህ። አክቲቭ ዳይሬክቶሪ (የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ማስተዳደሪያ) ካላችሁ ደግሞ ከ49152 እስከ 65535 ያለውን የአርፒሲ ፖርት ሁሉ ልትከፍት ነው። እሱን ከከፈትክ በኋላ ምን ቀረ? ኤሲኤሉን ስዊቹን ራሱን ለመጠበቅ ተጠቀምበት፤ ማን በኤስኤስኤች እንደሚገባ ወስንበት።

«በአንድ ሌሊት» የሚለውን ግን እንዳትቀበል።

ጋሽ ራውተር (አሽበርን፣ ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ ገመድ ከመሰካትህ በፊት አንድ ነገር ወስን። የትኛው ትራፊክ ነው በፋየርዎሉ የማያልፈው? ሰው ሁሉ የሚያልፈውን ይቆጥርና ይሄኛውን ይረሳዋል። የስቶሬጅ ትራፊክ፣ አይስካዚም ይሁን ኤንኤፍኤስ፣ ፋየርዎል ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ቪሞሽንም (ቨርችዋል ሰርቨርን ከሆስት ወደ ሆስት ማዛወሪያው) እንደዚሁ። እነዚህ ጌትዌይ የሌለው የራሳቸው ቪላን ላይ ይቀመጡ፣ ማንም ወደነሱ ራውት አያድርግ። ባክአፕ ትንሽ ይከብዳል። ሌሊት ላይ ቴራባይት ሲጎተት የገዛችሁት ፋየርዎል ሊታፈን ይችላል። ብሮሹሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ትልልቅ ፓኬት ተልኮ፣ ምርመራው ጠፍቶ የተለካ ነው። አይፒኤስ (ጥቃት ለይቶ የሚያግደው ምርመራ) ሲበራ ያለውን ቁጥር ፈልገህ በሱ አስላ። ሁለት ባለ 10 ጊጋ ገመድ ስላሰርክም 20 ጊጋ አገኘሁ አትበል። አንድ ፍሰት ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሁሉንም ጌትዌይ ወደ ፋየርዎሉ ማዛወር ቀላሉና ለኦዲተር ለማስረዳት የሚመቸው መንገድ ነው። በናንተ ስፋት ያስኬዳል። እኔ ግን ቪአርኤፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ኮር ስዊቹን ወደ ተለያዩ የራውቲንግ ሰንጠረዦች ትከፍለዋለህ፤ ለካርድ አንድ፣ ለውስጥ አፕሊኬሽን አንድ፣ ለማኔጅመንት አንድ። በአንድ ቪአርኤፍ ውስጥ ያለው ትራፊክ በስዊቹ ፍጥነት ይሄዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለማለፍ ግን በር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ፋየርዎሉ። እያንዳንዱን ቪአርኤፍ በትንሽ ማገናኛ ሰብኔት ከፋየርዎሉ ጋር አያይዘው፣ ዲፎልት ራውቱን ወደዚያ አሳየው። በቪአርኤፎቹ መካከል ራውት ሊኪንግ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቅ። አንዱ ለጊዜው ብሎ ያስገባታል፣ ከዚያ ፋየርዎሉ ለጌጥ ይቀራል።

የአዳማዋ

ጋሽ ራውተር ያሉት ትልቅ ፋብሪክ (ብዙ ስዊች የተያያዘበት ኔትወርክ) ላለው ሰው ልክ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ቪአርኤፍ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። የዌብ፣ የአፕና የዳታቤዝ ቪላኑን አንድ ቪአርኤፍ ውስጥ ካስገባ ዌቡ የተጠለፈ ቀን ዳታቤዙ ፊት ለፊት ነው። ኦዲተሩም የጠየቀው ይሄንኑ ነው። አምስት ቪላን ካለህ አምስቱንም ጌትዌይ ፋየርዎሉ ላይ አድርግ፣ ጨረስን።

አገጣጠሙ ላይ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርህ።

ለእያንዳንዱ ፋየርዎል የራሱ ፖርት ቻናል (እንደ አንድ የሚሠራ የገመዶች ጥቅል) ይኑረው። ከዋናው ፋየርዎል ሁለት ገመድ ይወጣል፤ አንዱ ወደ መጀመሪያው ኮር፣ አንዱ ወደ ሁለተኛው። ተጠባባቂውም እንደዚያው፣ ግን በሌላ የቻናል ቁጥር። አራቱን ገመድ በአንድ ቻናል ካሰርክ ስዊቹ ግማሹን ትራፊክ ለተጠባባቂው ይልክና እዚያው ይሞታል። ሲፈትኑት አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፤ ሰው ያብዳል። ሁለቱን ፋየርዎሎች የሚያገናኘው የሃርትቢት ገመድ (አንዱ ሌላው መኖሩን የሚያይበት) ደግሞ ቢቻል በቀጥታ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሁን።

ትራንኩ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት መስመር) ላይ የሚያስፈልጉትን ቪላኖች ብቻ ፍቀድ። ኔቲቭ ቪላኑን (ያለ ቪላን ቁጥር ምልክት የሚያልፈውን) ማንም የማይጠቀምበት ቁጥር አድርገው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ጌትዌዩን ወደ ፋየርዎሉ ስታዛውር ኮር ስዊቹ ላይ ያለውን ኤስቪአይ (የቪላኑን የጌትዌይ ኢንተርፌስ) በሁለቱም ስዊቾች ላይ ዝጋው። በሌላ አይፒ እንኳ እንዳትተወው። ከተውከው ኮሩ «ይሄ ኔትወርክ እኔ ጋር ነው» ብሎ ፋየርዎሉን ዘሎ በቀጥታ ለሰርቨሩ ያቀብላል። መልሱ ግን በፋየርዎሉ በኩል ይመጣል። ፋየርዎሉ ጥያቄውን ስላላየ መልሱን ይጥለዋል። ፒንግ አንዳንዴ ያልፋል፣ ቲሲፒ አይያያዝም። ይሄን ምልክት ካየህ ፖሊሲውን ትተህ ራውቲንጉን እይ። ሁለት ኔትወርክ ካርድ ያላቸው ሰርቨሮችም ይሄንኑ ያመጣሉ። አንድ እግሩ አፕ ላይ፣ አንድ እግሩ ማኔጅመንት ላይ የሆነ ሰርቨር ለፋየርዎልህ ጓሮ በር ነው።

ጀማሪው አድሚን

በጣም አመሰግናለሁ። የአዳማዋን መንገድ ልይዝ ነው። ግን ሁሉም በአንዴ ካልሆነ፣ ግማሹ ኮር ላይ፣ ግማሹ ፋየርዎል ላይ ሆኖ ይቆያል? የሰርቨሮቹንስ አይፒ ልቀይር ነው?

የአዳማዋ

አይፒ አትነካም። ያው የጌትዌይ አይፒ ነው የሚዛወረው። በኮሩና በፋየርዎሉ መካከል አንድ ትራንዚት ቪላን ፍጠር። አንድ ቪላን ባዛወርክ ቁጥር ኮሩ ላይ «ወደዚህ ኔትወርክ በፋየርዎሉ በኩል» የሚል ስታቲክ ራውት ትጨምራለህ። ኤስቪአዩን ትዘጋለህ፣ የፋየርዎሉን ኢንተርፌስ ትከፍታለህ። ካልሆነ ራውቱን አንስተህ ገልብጠህ ትመልሰዋለህ፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የቆየ መሣሪያ የድሮውን ማክ አድራሻ ይዞ አልለቅ ካለ ኤአርፒውን (የአይፒና የማክ ማዛመጃውን) አጽዳለት።

ትራንክ ፖርት

ስለ ሩሉም (ፋየርዎሉ ምን እንደሚያሳልፍ የሚወስነው ደንብ) ልጨምር። መጀመሪያ ሁሉንም የሚፈቅድ፣ ግን ሎግ የሚይዝ ሩል አድርግ። ሎጉን እያየህ የሚያስፈልገውን ለይተህ ከላይ ጻፍ። ከታች ያለው ክፍት ሩል ላይ የሚዘጋበትን ቀን አስቀምጥ፣ አለቃህም ይፈርምበት። አለበለዚያ ለዘላለም ይኖራል። ወር መጨረሻ ላይ ብቻ የሚሮጡ ሥራዎች ስላሉ የወር መዝጊያ ሳያልፍ አትዝጋው።

ሌሊት ፈረቃ

አንድ ጥያቄ ልጨምር። አንድ ቪላን ውስጥ ያሉት ሁለት ሰርቨሮችስ? እነሱ ፋየርዎሉ ጋ አይደርሱም እኮ። ዋናክራይ (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ) እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በፖርት 445 ሲሰራጭ ጎረቤት ለጎረቤት ነበር።

ጋሽ ራውተር

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሄን በስዊችና በፋየርዎል ብቻ ሙሉ ለሙሉ አትፈታውም። ፕራይቬት ቪላን ሰርቨሮቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ ያደርጋል፤ ቨርችዋል ስዊቹም ላይ መዋቀር አለበት። ከዚያ ያለፈው ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርችዋል ሰርቨሮቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ የሚቀመጥ ፋየርዎል ነው። ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በ2023 ከጠቀለለ ወዲህ ፈቃዱ በየጊዜው የሚከፈልበት ስለሆነ በጀቱን አስቀድማችሁ አስቡበት። በጀት ለሌለው ሰው የሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል አለ። ዊንዶውስም ሊነክስም ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።

የካርዱን ነገር በተመለከተ፣ ፒሲአይ ዲኤስኤስ (የክፍያ ካርድ ደህንነት መመዘኛው) ክፍፍልን ራሱን ግዴታ አያደርግም። ካልከፋፈልክ ግን ኔትወርክህ በሙሉ ምርመራው ውስጥ ይገባል። ከከፋፈልክ ደግሞ መሥራቱን ቢያንስ በዓመት አንዴ በፔኔትሬሽን ቴስት (ሰብሮ የመግባት ሙከራ) ማሳየት አለብህ። የሩል ዝርዝር ፕሪንት ማቅረብ ብቻውን አይበቃም።

ጀማሪው አድሚን

የአፕሊኬሽኑንና የዳታቤዙን ቪላን አዛወርን። ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ጠዋት ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሲገቡ አፕሊኬሽኑ ይንጠለጠላል። ሰርቪሱን ሪስታርት ስናደርገው ይስተካከላል። ዳታቤዙ ኦራክል ነው። ፋየርዎሉ ሎግ ላይ የተከለከለ ነገር የለም።

ሌሊት ፈረቃ

ይሄ የእኔ ሰፈር ነው። አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ ጋር ኮኔክሽን ከፍቶ ፑል (ለኋላ ተከፍተው የሚቆዩ ኮኔክሽኖች ክምችት) ውስጥ ያስቀምጣል። ሌሊት ማንም አይነካውም። ብዙ ፋየርዎሎች ዝም ያለ የቲሲፒ ሴሽንን በ3600 ሰከንድ፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ይረሱታል። የሊነክስ ኪፕአላይቭ («አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ፓኬት) ደግሞ በዲፎልት ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው የሚነሳው፣ ያውም አፕሊኬሽኑ ካበራው። ስለዚህ ፋየርዎሉ ቀድሞ ይረሳል፣ ሁለቱ ሰርቨሮች ግን አሁንም የተገናኙ ይመስላቸዋል። ጠዋት ሲላክ ፓኬቱ ዝም ተብሎ ይጣላል። ኮሩ ላይ ሳለ ይሄ አልነበረም፣ ስዊች ሴሽን አይቆጥርምና።

ዳታቤዙ ላይ ኤስኪውኤልኔት ኤክስፓየር ታይም የሚባለውን (የኦራክሉ የራሱ «አለህ?» መጠየቂያ) 10 ደቂቃ አድርጉት። ካልተፈቀደላችሁ ለኦራክሉ ፖርት 1521 ሩል ብቻ የሴሽን ጊዜውን አርዝሙ። ለሁሉም ሩል ግን እንዳታረዝሙ፣ የሴሽን ሰንጠረዡ ይሞላል።

ጀማሪው አድሚን

ዲቢኤው (የዳታቤዙ አስተዳዳሪ) 10 አደረገው። ዛሬ ጠዋት ያለ ሪስታርት ገባን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የካርድ ቪላኑን ቅዳሜ ሌሊት ላዛውር ነው።

ትራንክ ፖርት

ቅዳሜ የደመወዝ ሰሞን እንዳይሆን ካላንደር እይ። ኤቲኤም ፊት ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ስለ ክፍፍል አይገባውም።